ድምፅ መደራረብ፦ በየትኛው ሶፍትዌር፣ በየትኛው መንገድ?

ጅማ ውስጥ ቢት (የዘፈን አጃቢ ሙዚቃ) የሚሠራው ልጅ በዝቷል። የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ዶርም ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ይሠራል፣ ሌላው መኝታ ቤቱን በብርድ ልብስ ጋርዶ ስቱዲዮ አድርጎታል፣ የሰርግ ኪቦርዲስቶቹ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ መድረክ ላይ የተጫወቱትን ሰኞ ላፕቶፕ ላይ ያቀናብሩታል። የሁሉም ጥያቄ ግን ያው ነው። «ሳውንዴ ቀጭን ሆነብኝ፣ በምን ላወፍረው?»

«ሌየር አድርገው» (ሌላ ድምፅ ደርብበት) ይባላል። ምን በምን ላይ፣ በሚዲ (የኖት ትእዛዝ ብቻ) ይሁን በኦዲዮ (የተቀዳ ድምፅ)፣ በየትኛው ሶፍትዌር፣ እሱን የሚነግራቸው የለም። ከዚያ አምስት ሲንት (ድምፅ ፈጣሪ ሶፍትዌር) ይቆለላል፣ ላፕቶፑ ይንተባተባል፣ ቢቱም ከበፊቱ ይብስበታል። እዚህ የማወዳድረው እነዚህን ምርጫዎች ነው። የእኔን አቋም ከአሁኑ ልናገር፦ ሁለተኛው ድምፅ ምን ሥራ እንደሚሠራ ሳታውቁ ሶፍትዌር ብትመርጡ ምንም አይጠቅማችሁም።

መደረቡ ራሱ ያስፈልጋል ወይ?

አንድ ድምፅ ይነሳል፣ ይቆያል፣ ያልቃል። የጎደለው የቱ ጋ እንደሆነ ስሙት። ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) ሲነሳ ጠቅ የሚል ነገር ከሌለው የሚደረብለት አጭርና ቀጭን፣ ከላይ ከላይ ብቻ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ሌላ ወፍራም ኪክ አይደለም። ስትሪንጉ አነሳሱ አምሮ ቶሎ የሚሞት ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ዝግ ብሎ የሚነሳ ፓድ (ለስላሳ የጀርባ ድምፅ) ይበቃዋል። የጎደለውን በስሙ መጥራት ካልቻላችሁ አትደርቡ፣ ፕሪሴቱን (ሲንቱ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ድምፅ) ቀይሩ። አንድ ጥሩ ፕሪሴት ከሦስት ደካማ ድምፆች ክምር ይሻላል።

ያንኑ ድምፅ ኮፒ አድርጎ ራሱ ላይ መጫን መደረብ አይባልም። ፍጹም አንድ የሆኑ ሁለት ድምፆች ሲደመሩ 6 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የጩኸት መለኪያ) ይጨምራሉ፣ በቃ። ፌደሩን (የጩኸት ማንሸራተቻውን) ወደ ላይ ከመግፋት አይለይም። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት የተለያዩ ድምፆች ሲደመሩ ደግሞ ወደ 3 ዲቢ ይጨምራሉ። የደረባችሁት ነገር መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ አሪፍ የሚመስላችሁም ለዚህ ነው። ጆሮ ጮክ ያለውን ይወዳል። ስለዚህ ድምፆቹን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፣ የግሩፑን ፌደር ዝቅ አድርጉ፣ ከበፊቱ ጋር ጩኸቱ እኩል ሲሆን አወዳድሩ። ያኔም የተደረበው ከበለጠ እሰየው፣ ይቀመጥ።

ሚዲ ወይስ ኦዲዮ?

አንደኛው መንገድ አንድን ሚዲ ለሁለት ለሦስት ኢንስትሩመንት ማጋራት ነው። ሁለተኛው እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ኦዲዮ አውጥቶ ሞገዱን እያዩ መደርደር።

የሚዲ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ድምፃዊው መጥቶ «ቁልፉ ከፍ አለብኝ፣ ግማሽ ድምፅ አውርደው» ሲል ኖቱን ታወርዳላችሁ፣ ሁሉም ሌየር አብሮ ይወርዳል። የሰርግ ዘፈን የሚሠራ ሰው ይህ ስንት ጊዜ እንደሚገጥመው ያውቃል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮሰሰር ይበላል። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ መሥራት ይጀምራል፣ ባትሪ ለመቆጠብም ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ደህና ሲጫወት የነበረው ፕሮጀክት በዚያች ቅጽበት መንጫጫት ይጀምራል። ሁለተኛው ችግር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ብዙ ሲንቶች ኖቱ በተነካ ቁጥር ሞገዱን ከተለያየ ቦታ ነው የሚያስነሱት። ለፓድ ይህ ደግ ነገር ነው፣ ሕይወት ይሰጠዋል። ቤዝ ላይ ግን አንዱ ኖት ወፍሮ ቀጣዩ ቀጥኖ ይወጣል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ሞገዶች አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። ቫይታል በሚባለው ሲንት ላይም ሆነ በብዙ ሌሎች ሲንቶች ላይ ይህን የሚቆጣጠር የፌዝ ራንደም ቁልፍ አለ። ለቤዝ ወደ ዜሮ አውርዱት።

የኦዲዮ ጥቅሙ ደግሞ ቀላልነቱና እርግጠኛነቱ ነው። ዛሬ የሰማችሁት ነገም ያው ነው፣ ላፕቶፑም ፋይል ከማጫወት ያለፈ ሥራ የለበትም። ጉዳቱ ሐሳብ ስትቀይሩ ወደ ኋላ መመለስ ማስፈለጉ ነው። እኔ ምርጫዬ ይህ ነው፦ ከበሮና ኪክ ከመጀመሪያውኑ በኦዲዮ፣ ኮርድና ዜማ ድምፃዊው ገብቶ እስኪቀዳ ድረስ በሚዲ፣ ከዚያ ሁሉንም ወደ ኦዲዮ። ሚዲውን አታጥፉት፤ ድምፁን ዘግታችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስቀምጡት።

ሶፍትዌሮቹ

እዚህ ከተማ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኤፍኤል ስቱዲዮን ነው፣ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ኤፍኤል ሌየር የሚባል የራሱ ቻናል አለው። ቻናል ራክ (የኢንስትሩመንቶቹ ዝርዝር) ላይ ሌየር ትጨምራላችሁ፣ የምትፈልጓቸውን ቻናሎች ትመርጣላችሁ፣ ሌየሩን ከፍታችሁ ሴት ቺልድረን የሚለውን ትጫናላችሁ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ኖት የምትጽፉት ሌየሩ ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ቻናል በራሱ ሚክሰር ትራክ ስለሚያልፍ ኢኪው (የድምፁን ወፍራምና ቀጭን ክፍል ማመጣጠኛ) ለየብቻ መሥራት ትችላላችሁ። ራንደም የሚል ምርጫም አለው፤ እሱ ሲበራ ልጆቹ በአንድነት አይጮሁም፣ በየኖቱ አንዱ እየተመረጠ ይጫወታል። ለጭብጨባ ግሩም ነው። አራት የተለያየ የጭብጨባ ቅጂ አስገቡበትና ስሙት፣ ማሽንነቱ ይጠፋል። የምታስተውሉት ነገር ቢኖር የሙከራው ቅጂ ፕሮጀክት ያስቀምጥላችኋል እንጂ መልሶ አይከፍትላችሁም። ፍሩቲ የሚባለው ርካሹ እትም ደግሞ ኦዲዮ ለመቅዳት አይሆንም፣ ለዚያ ፕሮዱሰር እትም ያስፈልጋል። አንዴ ከገዛችሁት ግን ማሻሻያው ዕድሜ ልክ በነፃ ነው። ይህ በዶላር መክፈል ለሚከብደን ሰዎች ቀላል ነገር አይደለም።

ኤብልተን ላይቭ መደረብን ከሁሉም በላይ ያሰበበት ይመስለኛል። ኢንስትሩመንት ራክ (ብዙ ድምፅ የሚይዝ ሳጥን) ውስጥ የፈለጋችሁትን ያህል ሰንሰለት፣ ማለትም ሌየር፣ ትከምራላችሁ፣ ለእያንዳንዱም ከየት እስከ የት ኖት፣ ከምን ያህል እስከ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጫወት ትወስናላችሁ። ይቺ የጉልበት ክፍፍል ለመድረክ ኪቦርዲስት ትልቅ ነገር ናት። ቀስ ብላችሁ ስትነኩ ፓዱ ብቻ ይሰማል፣ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ከላይ ብራሱ (የጥሩምባው ድምፅ) ይገባል። ድምፃዊው ግጥሙን ሲያወርድ ቀለል ታደርጋላችሁ፣ አዝማቹ ሲመጣ ትመታላችሁ፣ ፕሪሴት መቀየር የለም። ማክሮ ቁልፎቹ ከላይቭ 11 ወዲህ እስከ 16 ደርሰዋል፣ በፊት 8 ነበሩ። በአንድ ቁልፍ የሁሉንም ሌየር ሪቨርብ (ማስተጋቢያ) መቆጣጠር ይቻላል። ኢንትሮ የሚባለው እትም 16 ትራክ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ ግን ራክ ስንት ድምፅ ቢይዝ አንድ ትራክ ላይ ስለሚቀመጥ እጥረቱን ያስታግሳል።

ሎጂክ ፕሮ የአፕል መሣሪያ፣ ማክ ወይም አይፓድ፣ ላላቸው ብቻ ነው። ትራኮቹን መርጣችሁ ሳሚንግ ስታክ ካደረጋችኋቸው ዋናው ትራክ ላይ ያለው ሚዲ ሁሉንም ያስጮሃል፣ ሙሉውን ክምርም እንደ አንድ ፓች አስቀምጣችሁ ሌላ ዘፈን ላይ መጥራት ትችላላችሁ። አብሮት የሚመጣው የድምፅ ክምችትም ሰፊ ነው። ማክ ካላችሁ አታስቡ፣ ከሌላችሁ ግን ለመደረብ ሲባል ማክ መግዛት አያስፈልግም።

ሪፐርን ከልቤ የምመክረው ላፕቶፓቸው ያረጀና ዳታ የሚቆጥቡ ሰዎችን ነው። ለዊንዶውስ የሚጫነው ፋይል ከ20 ሜጋባይት በታች ነው፣ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። 60 ቀን ምንም ሳይቆለፍ ትሞክሩታላችሁ፣ ለግለሰብ የሚሆነው ፈቃድ 60 ዶላር ነው። ፎልደር ትራክ ይሠራል፣ ግን እናት ትራኩ ላይ ያለው ሚዲ ብቻውን ወደ ልጆቹ አይወርድም፣ በሴንድ (ከትራክ ወደ ትራክ በሚልክ መስመር) ማገናኘት አለባችሁ። መጀመሪያ ላይ ይህ ያደናግራል። የራሱ ሲንቶችም ደካማ ናቸው። ስለዚህ ሰርጅ ኤክስቲ የሚባለውን ሲንት ጨምሩበት፣ ነፃ ነው። ሰርጅ ውስጥ ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት ሲኖች (የድምፅ ክፍሎች) አሉ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ኦሲሌተር (ሞገድ አመንጪ) ይይዛሉ። ዱዋል ላይ ስታደርጉት ሁለቱ ተደርበው ይጫወታሉ፣ ስፕሊት ላይ ስታደርጉት ኪቦርዱን ለሁለት ይካፈሉታል። አንድ ፕለጊን ብቻ ከፍታችሁ ሁለት ድምፅ አገኛችሁ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የምትሠሩ ከሆነ የሶፍትዌሩ ምርጫ ብዙም አያጨናንቃችሁም፤ ሰርጅ ከላይ በጠራኋቸው የኮምፒውተር ሶፍትዌሮች ሁሉ ላይ ይሠራል።

እንግዲህ ፍርዴን ከፈለጋችሁ፦ ኤፍኤል የምታውቁ ሰዎች ለመደረብ ብላችሁ ወደ ሌላ አትሂዱ፣ የሚጎድላችሁ ነገር የለም። መድረክ ላይ የምትጫወቱ ላይቭን ያዙ። ከዜሮ የምትጀምሩና 4 ወይም 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ያላችሁ፣ ሪፐርና ሰርጅ።

ከበሮና ኪክ

ይህ ክፍል ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም የእኛ ዘፈን የሚቆመው ወይም የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

የተቀዳ ከበሮ ላይ የኤሌክትሮኒክ ኪክ ሲደረብ ሁለቱም ታች ላይ ይጣላሉ። የ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ) ሞገድ አንድ ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ከሁለቱ አንዱ በ10 ሚሊሰከንድ ከዘገየ ግማሽ ዙር ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወደ ታች ይስባል፣ ታችኛው ድምፅ ይጠፋል። ሁለት ወፍራም ነገር ደርባችሁ ቀጭን ነገር ያገኛችሁት ለዚህ ነው።

መፍትሔው ዓይናችሁ ላይ ነው። ሁለቱን ኦዲዮዎች አንዱን ከላይ አንዱን ከታች አድርጉና የመጀመሪያው ምት ላይ ዙም አድርጉ፣ ሞገዱ እንደ ኮረብታ እስኪታይ ድረስ። የከበሮው የመጀመሪያ እብጠት ወደ ላይ ሆኖ የኪኩ ወደ ታች ከሆነ የአንዱን ፖላሪቲ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ። ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሆነው ጫፎቻቸው ካልተገናኙ፣ ኪኩን በጥቂቱ እየገፋችሁ አገናኟቸው። ግሪዱን (ምት ላይ የሚያጣብቀውን መስመር) አጥፉት፣ አለበለዚያ እየዘለለ ያስቸግራችኋል። የሚገፋው ኪኩ ነው፣ ከበሮው አይነካም። የከበሮ መቺው አመታት ዘፈኑን የሚያስኬደው እሱ ነውና።

ወይም ታቹን ለአንዱ ብቻ ስጡት። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ለኪኩ ትታችሁ ከበሮውን በኢኪው ቁረጡት፣ ጠቡ ይበርዳል። የትኛውን መንገድ? ከበሮው በደህና ማይክ ከተቀዳና ትልቅ ከሆነ ማገናኘቱን ምረጡ፣ የቆዳው ድምፅ በምንም ሳምፕል አይተካም። በስልክ የተቀዳ ከሆነ ቁረጡት። ብዙ ስልኮች ድምፁን በራሳቸው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉት ታቹ እምነት አይጣልበትም።

ችክችካ ላይ ደግሞ ርዝመት ይታሰብ። በ6/8 የምትሠሩ ከሆነና በደቂቃ 120 ዋና ምት ካለ፣ ከአንዱ ንዑስ ምት እስከ ሌላው ያለው ጊዜ 167 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ኪካችሁ ጅራቱ ከዚያ ከረዘመ የሚቀጥለው ምት ላይ ይተኛል። ለዝግ ያለ የሂፕሆፕ ቢት የተሠራን ረጅም ኪክ አምጥታችሁ ችክችካ ላይ አትጫኑ፤ ወይ አሳጥሩት፣ ወይ ሌላ ፈልጉ።

ክራርና ሲንት

ክራር ሲቃኝ በጆሮ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ለድምፃዊው ጉሮሮ ተብሎ። ሲንቱ ግን ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ከፍሎ፣ ላ የሚባለውን ኖት 440 ኸርዝ ላይ አስሮ ነው የሚጠብቃችሁ። ክራሩ በ20 ሴንት (የግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ) ዝቅ ካለ 440 አካባቢ ልዩነቱ 5 ኸርዝ ያህል ይሆናል፣ ስለዚህ ሁለቱ ሲደረቡ በሰከንድ አምስት ጊዜ የሚርገበገብ ነገር ትሰማላችሁ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ኮረስ ኢፌክት ይወደዋል። ድምፃዊው ግን የቱን ይዞ እንደሚዘፍን ይጠፋዋል።

ምርጫችሁ ሦስት ነው። ክራሩን በሶፍትዌር ማስተካከል፣ ሲንቱን ወደ ክራሩ ማምጣት፣ ወይም ሲንቱን ማራቅ። የመጀመሪያውን ተዉት። በፒች ማረሚያ የተገራ ክራር ጣዕሙ ይሄዳል፤ ባቲና አንቺሆዬ ላይ በተለይ አንዳንድ ክሮች ከፒያኖው ትንሽ ሸሸት ማለታቸው ነው ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው። ሁለተኛው ጥሩ ነው። ሁሉም ክር እኩል ከወረደ የሲንቱን ፋይን ቱን ማውረድ ይበቃል። ክሮቹ በየራሳቸው ከሄዱ ሰርጅና ቫይታል ስካላ የሚባለውን የቅኝት ፋይል ስለሚቀበሉ የእያንዳንዱን ኖት ቦታ መወሰን ይቻላል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን አንዴ ሠርታችሁ ካስቀመጣችሁት ለሌላውም ዘፈን መነሻ ይሆናችኋል። ሦስተኛው መንገድ ቀላሉ ነው፦ ሲንቱ የክራሩን ዜማ አይከተል፣ አንድ ኦክታቭ ወርዶ መነሻ ድምፁን ብቻ ይዞ ይቆይ።

ማሲንቆ ከሆነ እኔ ሁልጊዜ ሦስተኛውን ነው የምመርጠው። አንድ ክር ነው፣ ጣት ይንሸራተትበታል፣ ድምፁ ከኖት ወደ ኖት ሲሄድ መሃሉን ሁሉ ይነካል። እዚያ ላይ የሚዘል ሲንት መደረብ ማሲንቆውን ያስነቅፈዋል። በገና ላይ ደግሞ ጭራሽ ምንም አትደርቡ ባይ ነኝ። አሥሩም ክሮች ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት ብቻውን መሃሉንና ላዩን ይሞላዋል።

ክራሩን የምትቀዱት ከክረምቱ ወራት በአንዱ ከሆነ ሰማዩን አይታችሁ ጀምሩ። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በኢኪውም በጌትም (ዝቅ ያለ ድምፅ በሚዘጋ ማጣሪያ) አይወጣም፣ ምክንያቱም የዝናቡ ድምፅ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም ይሸፍናል። ጠዋት ጠዋት ቅዱ።

ቤዝ፣ በስልክ ለሚሰማ ሰው

ዘፈናችሁን ብዙ ሰው የሚሰማው በስልክና በባጃጅ ስፒከር ነው። የስልክ ስፒከር 55 ኸርዝ የሚባል ነገር አያወጣም። ስለዚህ ሰብ (እጅግ ዝቅተኛው ቤዝ) ላይ ሰብ መደረብ ለዚህ አድማጭ ከንቱ ነው። ከንጹሑ ሰብ በላይ 110፣ 165 እና 220 ኸርዝ ላይ ድምፅ ያለው፣ ትንሽ ሳቹሬሽን (ማሻከሪያ) የነካው መካከለኛ ቤዝ ደርቡ። ጆሮ እነዚህን ሲሰማ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል፣ ስልክ ላይም ቤዙ «አለ» ይባላል። ሰቡ ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት) ይሁን። መካከለኛው ትንሽ ቢሰፋ ችግር የለውም።

ድምፅ በድምፅ ላይ

እዚህ ንጽጽሩ አጭር ነው። የዘፋኙን ቅጂ ኮፒ አድርጎ በጥቂት ሚሊሰከንድ ማዘግየት ወይስ ሁለተኛ ጊዜ ማዘፈን? ማዘፈን። ኮፒው 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ቢዘገይ 500 ኸርዝ አካባቢ ያለው ይጠፋል፣ ከዚያ በላይም በየ1000 ኸርዙ ቀዳዳ ይወጣል፣ ዘፋኙ ቧንቧ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሁለተኛው እውነተኛ ቅጂ ግን በትንፋሹም በጊዜውም ስለሚለይ ያወፍራል። ተቀባዮች ያሉበት ዘፈን ከሆነ ደግሞ አንድን ሰው ስምንት ጊዜ ከመቅዳት ሦስት ጓደኛ ጠርቶ ሁለት ሁለት ጊዜ ማስዘፈን በጣም ይበልጣል። ግማሹን ወደ ግራ፣ ግማሹን ወደ ቀኝ ክፈሉት፣ መሪውን መሃል ላይ ተዉት። የተቀባዮቹን «ስ» እና «ጽ» ቀንሱ፤ ስድስቱ ቅጂ እኩል ባይልም እንኳ የመሪው ብቻ ጥርት ብሎ ከተሰማ ሁሉም አብረው ያሉት ይመስላል።